ስለ አዲስ የሙዚቃ አልበም ማስረዳት

አንድ አዲስ አልበም ሲወጣ ከአድማጮች አፍ አስቀድሞ የሚሰማው «ጥሩ ነው» ወይም «አልወደድሁትም» የሚል ቃል ነው። ይህ ስሜትን መግለጽ ነው እንጂ ማስረዳት አይደለም። የሚያስረዳ ጸሐፊ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማቅረብ ይገባዋል፤ እነርሱም የሥራው ታሪክ፣ የሥራው ይዘትና ሥራው ያገኘው አቀባበል ናቸው። ሦስቱ ከተደባለቁ ድርሰቱ ሚዛኑን ያጣል። ይህን ለመረዳት «ላላ በሉ» የተባለውን የአቶ ኃይሉ መርጊያን አልበም በምሳሌነት እንመልከት። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. የሥራው ታሪክ

አቶ ኃይሉ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ የኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተሰኘውን አልበም በሸክላ አሳተመ። በ1981 ሙዚቃ ለማቅረብ ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ ግን አቶ ኃይሉ ከዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ቀረጹ። ከጊዜ በኋላ መተዳደሪያቸው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ሆነ። ይሁን እንጂ ከሙዚቃ አልተለዩም፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናቸው ይዘው ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር።

ያንን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ባለሙያውንም አፈላልጎ በ2013 ካሴቱን እንደገና አሳተመ። አዲስ አድማጭ በመገኘቱ አቶ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» ወጣ። ልብ በሉ፤ የ1985ቱን ካሴት ሳይጥል ያቆየ ሰው ባይኖር ኖሮ የ2018ቱ አልበም ላይኖር ይችል ነበር።

2. የሥራው ይዘት

አልበሙ ስድስት ሥራዎችን የያዘ ሲሆን፣ አቶ ኃይሉን ያጀቧቸው ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ማይክ ማይኮቭስኪ ቤዝ፣ ቶኒ በክ ድራም ይጫወታሉ። ከሥራዎቹ መካከል «ትዝታ» እና «አንቺሆዬ ለኔ» የቅኝት ስም የያዙ ርእሶች ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን መሆናቸው የታወቀ ነው፤ እያንዳንዳቸውም በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የመጨረሻው ሥራ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በፒያኖ ብቻ የቀረበ ነው።

አብዛኛው የአልበሙ ክፍል ግጥም ስለሌለው ጸሐፊው በቃላት መልእክት ሊደገፍ አይችልም። ስለዚህ የትኛው መሣሪያ እንደሚመራ፣ ምቱ የት እንደሚፈጥንና የት እንደሚዘገይ፣ የትኛው ዜማ ተመልሶ እንደሚመጣ በጆሮው መለየት አለበት። በመተማ ዮሐንስ የሚኖር ተማሪ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከገላባት ማዶ የሚሰማውን የሱዳን ዘፈን ዐረብኛ የማያውቅ ሰውም ዜማውን ተከትሎ ያንጐራጕረዋል፤ ምክንያቱም የሱዳን ዜማም በአብዛኛው የተመሠረተው በአምስት ድምፆች ላይ ነው። የሙሐመድ ዋርዲ ዘፈኖች በኢትዮጵያ፣ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈኖች ደግሞ በሱዳን የተወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

3. የሥራው አቀባበል

«ላላ በሉ» በውጭ አገር የሙዚቃ ሐያስያን ዘንድ መልካም አቀባበል አግኝቷል። ሆኖም ስለ አልበሙ ከተጻፉት ጽሑፎች ብዙዎቹ የታክሲውን ታሪክ ሳያነሡ አላለፉም። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ሥራው እንዴት እንደ ተወለደም ያስረዳል። ዜማው ጥሩ ለመሆኑ ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ያንኑ ዜማ ችግር ያልደረሰበት ወጣት ቢጫወተው ኖሮ ዋጋው አይቀንስም ነበር። እንደዚሁም በ1985 የተቀረጸውና በ2013 የተመሰገነው ድምፅ አንድ ነው፤ የተለወጠው አድማጩ ነው። እንግዲህ አቀባበል ስለ ሥራው ብቻ ሳይሆን ስለ አድማጩም ይናገራል።

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ) «አልበሙ ድንቅ ነው፤ ምክንያቱም የሠሩት ሰው ብዙ ደክመዋል።»
ለ) «የመጨረሻው ሥራ በፒያኖ ብቻ በመቅረቡ ከድራሙና ከቤዙ በኋላ ጸጥታን ያመጣል።»

«ሀ» ባለሙያውን ያመሰግናል እንጂ ሥራውን አያስረዳም። «ለ» ግን ወደ ሥራው ይመራናል፤ የማይስማማ ሰው ቢኖር አልበሙን አዳምጦ ሊከራከር ይችላል። ለክርክር በር የሚከፍት ማስረጃ ያለው አስተያየት ከባዶ ውዳሴ ይበልጣል። ባለሙያም ከአድማጩ የሚማረው እንዲህ ያለ አስተያየት ሲቀርብለት ነው።

መልመጃ

1. በዚህ ምንባብ ታሪክን፣ ይዘትንና አቀባበልን የሚገልጹ ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አውጡ።
2. «ምክንያቱም»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ስለዚህ» በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን አገልግሎት አስረዱ።
3. በአካባቢያችሁ የሚሰማ አንድ ዘፈን መርጣችሁ ሦስት ጊዜ አዳምጡ። ከዚያም «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ በሦስት አንቀጽ አስረዱ።