ጀሪካንና ፌስታል፦ የሚቀልጡበት ሙቀት ለምን ተለያየ?

ቢጫው ጀሪካንና ለስላሳው ፌስታል የሚሠሩት ከአንድ ነገር፣ ከፖሊኢቲሊን ነው። ፖሊኢቲሊን የካርበን አቶሞች በሺዎች ተያይዘው የሚሠሩት፣ በየካርበኑ ላይ ሃይድሮጂን ያለበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሆኖም ፌስታሉ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀልጥ ጀሪካኑ እስከ 130 ድረስ ይጸናል። አቶሞቹ ያው ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሰንሰለቱ ቅርጽ ነው።

የቀለጠው ፖሊኢቲሊን ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ እየታጠፉ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ይህ ድርድር ክሪስታል ይባላል። መደርደር ያልቻለው ክፍል እንደ ተወሳሰበ ክር በመሃል ይቀራል። ሙቀት የሚያፈርሰው ድርድሩን እንጂ ሰንሰለቱን አይደለም። አሮጌ ጀሪካን ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሊሆን የሚችለውም ለዚህ ነው።

ፖሊኢቲሊን በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሲገኝ የተሠራው በከፍተኛ ግፊት ነበር። በዚህ መንገድ የሚወጣው ሰንሰለት ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ቅርንጫፉ ሰንሰለቶቹን ስለማያጠጋጋ ክሪስታሉ ይቀጥናል፣ ቶሎም ይቀልጣል። ለስላሳው ፌስታል የዚህ ወገን ነው። በ1953 ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በካታሊስት አማካይነት፣ ብዙ ግፊት ሳያስፈልገው፣ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሠራ፤ ጀሪካኑ ከዚህ ይመጣል። በ1954 ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ፖሊፕሮፒሊን በሚባል ሌላ ፕላስቲክ ሌላ ነገር አሳየ፦ ከሰንሰለቱ ጎን የሚወጡት የአቶም ቡድኖች በሙሉ አንድ ወገን ሲይዙ ፕላስቲኩ እስከ 160 ዲግሪ ይጸናል፤ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን መደርደር ስለማይችሉ የሚጣበቅ ለስላሳ ነገር ይሆናል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1963 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

የሰንሰለቱ ርዝመትም ድርሻ አለው። የሻማ ፓራፊን ተመሳሳይ ነገር ግን አጭር ሰንሰለት ስለሆነ በ60 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ርዝመቱ ሲጨምር የመቅለጫው ሙቀት ከፍ ይልና በ135 አካባቢ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው የፍሰቱ አስቸጋሪነት ነው። ለሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የሚውለው እጅግ ረጅም ሰንሰለት ያለው ፖሊኢቲሊን ቢቀልጥም አይፈስም።

የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ፔት ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ይሠራል። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው የቤንዘን ቀለበት ስለሚያገትረው መቅለጫው 250 ዲግሪ ይደርሳል። ትኩስ ሻይ ሲጨመርበት የሚጨማደደው ቀልጦ አይደለም፤ ያልተደረደረው ክፍል ከ70 ዲግሪ በላይ ስለሚላላ ነው።

ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታተመው ቁጥር ይህን ሁሉ ይናገራል፦ 1 ፔት፣ 2 ቀጥ ያለው ፖሊኢቲሊን፣ 4 ባለ ቅርንጫፉ፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን። እነዚህ ፕላስቲኮች በአንድ ሙቀት የማይቀልጡ፣ ቢቀልጡም በደንብ የማይዋሃዱ ስለሆኑ፣ ፕላስቲክን መልሶ መጠቀም የሚጀምረው በትክክል ከመለየት ነው።