የሐኪሞች ማኅበርና የቴሌቪዥን ስፖንሰር፦ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ኅብረተሰቡን በቴሌቪዥን ለማስተማር የሚነሳ የሐኪሞች ማኅበር በቅድሚያ የሚገጥመው ጥያቄ የትምህርቱ ይዘት ሳይሆን የአየር ሰዓቱ ዋጋ ነው። በሀገራችን ከጣቢያው ውጭ ያለ አዘጋጅ የአየር ሰዓት ገዝቶ ወጪውን ከስፖንሰር በሚያገኘው ገንዘብ መሸፈኑ የተለመደ አሠራር ነው። በመሆኑም ጉዳዩ በስብሰባ ላይ ሲቀርብ አባላት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን፣ ባለሙያው ገንዘብ አጥቶ ዝም ካለ መድረኩን ለማንኛውም በሽታ መድኃኒት አለኝ ለሚል ነጋዴ መልቀቅ ነው ይላል። ሌላኛው የማኅበሩ ስም ለገበያ መቅረብ የለበትም ሲል ይሞግታል። ሁለቱም ስጋቶች እውነተኛ ናቸው። ይሁንና ክርክሩ «እንቀበል ወይስ አንቀበል» በሚለው ላይ ብቻ ሲቆም፣ ስፖንሰሩ በገንዘቡ የሚገዛው ምንድን ነው የሚለው ዋና ጥያቄ ሳይነሳ ያልፋል።

የአየር ሰዓት ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ስፖንሰሩ ከጣቢያው በቀጥታ ይገዛ ነበር። የሚፈልገው ስሙ ከሐኪም ነጭ ጋዋን ጎን መታየቱን ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሸቤ፣ ቡናውን ሸጦ ሻይ ቤት አረፍ ያለ ገበሬ ቴሌቪዥኑን ቀና ብሎ ሲመለከት፣ «ይህን ፕሮግራም ስፖንሰር ያደረገልን» የሚለውን ድምፅ ከሐኪሙ ምክር ለይቶ እንዲይዝ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስፖንሰሩ የዱቄት ወተት አምራች ቢሆን፣ ሐኪሙ ስለ ጡት ማጥባት አንዳች ስህተት ባይናገር እንኳ፣ ገበሬው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው መልእክት «ዶክተሮቹ የሚደግፉት ወተት አለ» የሚል ሊሆን ይችላል። ወተቱ ውድ በመሆኑ እንዲበረክት በብዙ ውኃ ይቀጥናል፤ ውኃው ያልፈላ፣ ጡጦው በወጉ ያልታጠበ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ተቀብሎ ኦ.አር.ኤስ. የሚበጠብጠውና እናቲቱን ዳግም ወደ ማጥባት ለመመለስ የሚደክመው ስቱዲዮ የተቀመጠው ሐኪም ሳይሆን የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። የዚህ ነርስ ድምፅ ደግሞ ስፖንሰር በሚመረጥበት ስብሰባ ላይ እምብዛም አይሰማም።

ክርክሩ በሌላው ዓለም የቆየ ነው። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሳተፈበት «ዘ ማርች ኦፍ ሜዲስን» የተሰኘ የቴሌቪዥን ዝግጅት ስፖንሰር፣ ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለ መድኃኒት አምራች ነበር። ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ሰንቢም የተባለው ኩባንያ በሚሸጣቸው የቤት ውስጥ የጤና መገልገያዎች ላይ ስሙ እንዲታተም፣ በምላሹም ከሽያጩ ድርሻ እንዲከፈለው ተስማማ። ዕቃዎቹን ግን ማኅበሩ አልመረመራቸውም ነበር። አባላቱ ባሰሙት ተቃውሞ ውሉን ቢያፈርስም ኩባንያው ከሰሰው፤ ጉዳዩም በ1998 በ9.9 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተቋጨ።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው የአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች አካዳሚ ታሪክ ነው። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ መጠጦችና ስለ ማጣፈጫዎች ለሕዝብ የሚቀርብ ትምህርት ለማዘጋጀት ከኮካ ኮላ ኩባንያ ገንዘብ ተቀበለ። ኩባንያው በይዘቱ ላይ ሥልጣን እንደሌለው አመራሩ ቢያስረዳም፣ በካሊፎርኒያ የኮንትራ ኮስታ አውራጃ ሐኪሞች በተቃውሞ ከአባልነት ለቀቁ። ግንኙነቱ ያበቃው በ2015 ነው።

የይዘት ነፃነት በወረቀት ላይ መኖሩ ለምን አይበቃም? ስፖንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙን ውሸት እንዲናገር አይጠይቅም፤ መጠየቅም አያስፈልገውም። ለስላሳ መጠጥ አምራች በሚከፍልበት ዝግጅት ላይ ስለ ስኳር በሽታ ሲወራ ስለ አካል እንቅስቃሴ በሰፊው ይነገራል፤ ስለ ስኳር መጠን ግን በአጭሩ ይታለፋል። አዘጋጁ የሚቀጥለውን ዓመት ውል እያሰበ ርእሱን ራሱ ይተወዋል። «እኔን ገንዘብ አይለውጠኝም» የሚል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የወጣውን ጥናት ማስታወስ ይኖርበታል። ከ279 ሺህ በላይ ሐኪሞችን ባካተተው በዚህ ጥናት፣ ከኩባንያ አንድ ምሳ ብቻ የተጋበዙት፣ የአማካይ ዋጋው ከ20 ዶላር በታች ቢሆንም፣ የጋባዡን መድኃኒት ካልተጋበዙት ይልቅ አዘውትረው ሲያዙ ተገኝተዋል። ጥናቱ ግብዣው መንስኤ መሆኑን ባያረጋግጥም ትንሽ ስጦታ ከቁም ነገር የማይገባ ነው ለሚለው አስተሳሰብ ግን ድጋፍ አይሰጥም።

ሕጉ ከፊሉን ጥያቄ መልሷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያንና ስፖንሰርነትን፣ እንዲሁም የአልኮል መጠጥን በብሮድካስት ማስተዋወቅ ከልክሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ደንብ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁ ይጠይቃል፤ በ2016 የወጣው መመሪያም ማኅበራት ከእነዚህ አምራቾች ለስብሰባዎቻቸው ስፖንሰር እንዳይቀበሉ ይመክራል። እንግዲህ አከራካሪ ሆነው የሚቀሩት ሕግ በግልጽ ያልዘጋባቸው ናቸው፦ ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ምግብ፣ መድኃኒት አስመጪ፣ የግል ሆስፒታል። ባንክ ወይም የመድን ድርጅት ከእነዚህ ይሻላል፤ ምክንያቱም በዝግጅቱ ከሚነሱት ርእሶች ጋር የሚጋጭ ምርት እምብዛም የለውም።

ቴሌቪዥንም ብቸኛ መንገድ አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተማረው በለጋሾች ድጋፍ ነው። ለጋሽም ቢሆን የራሱ ተመራጭ ርእስ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ለሸቤና ለአካባቢው ነዋሪ በአፋን ኦሮሞ የሚተላለፍ ርካሽ የሬዲዮ ዝግጅት በአማርኛ ከሚቀርብ ውድ የቴሌቪዥን ዝግጅት የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ስፖንሰር ለመቀበል የወሰነ ማኅበር የዓመቱን ርእሶች ገንዘብ ከመፈለጉ በፊት ማፅደቅ፣ ከአንድ ይልቅ ከብዙ ምንጭ ጥቂት ጥቂት መሰብሰብ፣ የገንዘቡን መጠን ለአባላት መግለጽና ውሉን ያለ ካሣ የማቋረጥ መብቱን በጽሑፍ ማስጠበቅ ይኖርበታል። በዓመቱ መጨረሻም የፀደቀው የርእስ ዝርዝርና በእርግጥ የተላለፉት ርእሶች ጎን ለጎን ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባሉ፤ የጎደለ ርእስ ካለም አዘጋጁ ለምን እንደጎደለ ይጠየቃል።