ያለጊዜያቸው ለተወለዱና በጽኑ ለታመሙ ጨቅላ ሕፃናት የሚሰጥ የነርስ እንክብካቤ

የእርግዝናው 37ኛ ሳምንት ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው እንደተወለደ ይቆጠራል። ክብደቱ ከ2500 ግራም በታች ሲሆን አነስተኛ፣ ከ1500 በታች ሲሆን በጣም አነስተኛ፣ ከ1000 በታች ሲሆን ደግሞ እጅግ በጣም አነስተኛ ተብሎ ይመደባል። እነዚህ ቁጥሮች ለምደባና ለሪፖርት ያገለግላሉ። በሕፃኑ አልጋ አጠገብ ለቆመች ነርስ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ ሕፃን የትኛውን ሥራ በራሱ መሥራት ገና አልጀመረም? ሙቀቱን መጠበቅ፣ ሳያቋርጥ መተንፈስ፣ ጠብቶ መዋጥና ተሕዋሲያንን መመከት በማህፀን ሳለ በእናቱ ገላ ሲከናወኑለት የነበሩ ተግባራት ናቸው። ለጨቅላ ሕፃናት የሚሰጥ የነርስ እንክብካቤ በመሠረቱ ይህን የእናት ገላ ሥራ ለጥቂት ሳምንታት ተክቶ የመሥራት ሙያ ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 29ኙ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት እንደሚሞቱ አመልክቷል። የ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ቁጥሩን 33 አድርሶታል። ልዩነቱ ከናሙና ስሕተት ወሰን የማያልፍ ሊሆን ስለሚችል ሞት ጨመረ ብሎ መደምደም አያስደፍርም፤ አልቀነሰም ማለት ግን ይቻላል። በዘላቂ የልማት ግቦች ለ2030 የተቀመጠው ጣሪያ 12 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2019 የታተመው ሰፊ ጥናት ደግሞ ሕፃናቱ በምን እንደሚሞቱ ዘርዝሯል። በጽኑ ሕክምና ክፍል ከሞቱት 45 በመቶ ያህሉን የገደለው ካልበሰለ ሳንባ የሚመጣው የመተንፈስ ችግር ሲሆን 30 በመቶ ያህሉን የገደለው ኢንፌክሽን ነው፤ መታፈን ይከተላል። ለሞት አጋዥ ከሆኑት ምክንያቶች መካከል በብዛት የታየው የሰውነት ሙቀት መቀነስ ነበር። ይህ የመጨረሻው ግኝት ከሌሎቹ ይልቅ በነርሶች ዘንድ ሊነበብ የሚገባው ነው። ሳንባው ያልበሰለ ሕፃን ሳንባው ያልበሰለው በተፈጥሮ ምክንያት ነው፤ የቀዘቀዘ ሕፃን ግን የቀዘቀዘው በእኛ እጅ ከገባ በኋላ ነው።

ጤናማ የሚባለው የጨቅላ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ36.0 እስከ 36.4 ያለው ቀላል፣ ከ32.0 እስከ 35.9 ያለው መካከለኛ፣ ከ32 በታች ያለው ከባድ የሙቀት መቀነስ ይባላል። ሙቀት በአራት መንገድ ይጠፋል፦ እርጥብ ገላ ሲተን፣ ገላ ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ሲነካካ፣ አየር ሲነፍስና ሕፃኑ በአቅራቢያው ወዳለ ቀዝቃዛ ግድግዳ ወይም መስኮት ሙቀቱን ሲያንጸባርቅ። ጎልማሳ ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፤ ጨቅላ ሕፃን ግን በዚህ መንገድ ሙቀት የማመንጨት አቅሙ እጅግ ደካማ ነው። የሚሞቀው በአንገቱ ዙሪያ፣ በትከሻዎቹ መካከልና በኩላሊቶቹ አካባቢ የተከማቸውን ቡናማ ስብ በማቃጠል ነው። ይህ ስብ የሚጠራቀመው በአብዛኛው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ስለሆነ ያለጊዜው የተወለደው ሕፃን ጥሪቱ ትንሽ ነው። ያችኑ ለማቃጠልም ኦክስጅንና ግሉኮስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቀዘቀዘ ሕፃን የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይጨምራል፣ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፣ የሳንባው የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ቀድሞውኑ ያነሰው ሰርፋክታንትም ሥራው ይበልጥ ይዳከማል። በመዝገቡ ላይ «በመተንፈስ ችግር ሞተ» ተብሎ የሚጻፈው ሕፃን ታሪኩ አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው ከማዋለጃ ክፍል እስከ ጽኑ ሕክምና ክፍል ባለው ኮሪደር ላይ ነው።

መከላከያው በአብዛኛው ውድ አይደለም። የማዋለጃ ክፍሉን ማሞቅ፣ ሕፃኑን ወዲያው ማድረቅ፣ እርጥቡን ጨርቅ በደረቅ መለወጥ፣ ኮፍያ ማድረግ፣ ከ32 ሳምንት በታች የተወለደውን ሳያደርቁ ከአንገቱ በታች በንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት መጠቅለል፣ ገላውን ለማጠብ አለመቸኮል። ሚዛኑ ላይ የሞቀ ጨርቅ ማንጠፍ እንኳ ልዩነት ያመጣል። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ሁለትና ሦስት ሕፃናት በአንድ ማሞቂያ ሥር ሲተኙ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኢንኩቤተሩ ራሱ ቀዝቃዛ ሣጥን ይሆናል።

ከዚህ ችግር የተወለደው መፍትሔ የካንጋሮ እናት እንክብካቤ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሐኪሙ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የጀመሩት የኢንኩቤተር እጥረትና የክፍሉ መጨናነቅ ስላስገደዳቸው ነበር። የሕፃኑ እርቃን ገላ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ሽንት ጨርቅ፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ይደረግለታል። ራሱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ አንገቱ በጥቂቱ ቀና ይላል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ። ከዚያ በጨርቅ ከእናቱ ጋር ይታሰራል። ሕፃን ማዘል ለእናቶቻችን አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር አዘሉ ከጀርባ ወደ ደረት መዞሩና በመካከል ልብስ አለመኖሩ ነው። የአንገቱ አቀማመጥ ግን የዋዛ ጉዳይ አይደለም። ወደ ደረቱ ካጎነበሰ የአየር መተላለፊያው ሊዘጋ ስለሚችል የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የነርስ ዓይን ሊለያቸው አይገባም።

ለረጅም ጊዜ ሲነገር የነበረው ይህ እንክብካቤ ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ እንዲጀመር ነው። በዚህ ረገድ አዲስ አበባ ቀዳሚ ማስረጃ አበርክታለች። ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት 123 አነስተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ሳይረጋጋ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ገላ ለገላ እንክብካቤ ጀመረ። ከዚህ ቡድን የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት የሞቱት 38 በመቶ ነበሩ። የናሙናው ትንሽነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ1.0 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም በሚመዝኑ 3211 ሕፃናት ላይ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ወደዚያው አቅጣጫ አመለከተ። በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት ወዲያው ከጀመሩት 12.0 በመቶ፣ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት 15.7 በመቶ ነበሩ። ድርጅቱ በ2022 ባወጣው ምክረ ሐሳብ እንክብካቤው ከወሊድ በኋላ ወዲያው እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ አሳስቧል።

በጸሐፊው እምነት ከቁጥሮቹ ያላነሰ ቁም ነገር ያለው ጥናቱ ባስከተለው የክፍል አደረጃጀት ነው። እናት ሃያ አራት ሰዓት አጠገቡ እንድትሆን የእናት አልጋ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ መግባት ነበረበት፤ በቀዶ ሕክምና የወለደችው እናት ክትትልም በዚያው መሰጠት ነበረበት። በእኛ አገር እናቲቱ በአንድ ሕንፃ፣ ሕፃኑ በሌላ ሕንፃ በሚተኙበት ሆስፒታል ነርሷ ምን ያህል ብትሠለጥን ገላን ከገላ ማገናኘት አትችልም። ሥልጠናን ደጋግሞ የሚመክር የጥናት መደምደሚያ ይህን አዘውትሮ ይዘነጋዋል።

ወደ አተነፋፈስ ስንመጣ ዋናው መሣሪያ ሲፓፕ ነው። ሳንባው ሰርፋክታንት ያነሰው ሕፃን አየር ባስወጣ ቁጥር የአየር ከረጢቶቹ ይጣበቃሉ፤ ሲፓፕ የማያቋርጥ ግፊት በመስጠት ክፍት ያቆያቸዋል። በአረፋ የሚሠራው ዓይነት አሠራሩ ቀላል ነው፤ የማስወጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሆናል። አረፋው ከቆመ ግፊቱ የለም ማለት ነው፤ ቱቦው ተላቋል፣ የአፍንጫው መሰኪያ ጠቧል ወይም የሕፃኑ አፍ ተከፍቷል። መሰኪያው ከጠበቀ ደግሞ በአፍንጫዎቹ መካከል ያለውን ሥጋ ያቆስላል። ማሽኑን ሐኪም ያዛል፤ ሕክምና እንዲሆን የሚያደርገው ግን በየሰዓቱ አረፋውን፣ አፍንጫውንና የውኃውን ልክ የሚያይ ዓይን ነው። ከ20 ሰከንድ በላይ ትንፋሽ ሲቋረጥ፣ አፕኒያ በሚባለው ሁኔታ፣ የመጀመሪያው ሕክምና የእግሩን መዳፍ ወይም ጀርባውን በቀስታ ማሸት ነው፤ ለዚህም በቅርብ የተገኘ ሰው ያስፈልጋል።

ኦክስጅን ራሱ መድኃኒት በመሆኑ መጠን አለው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በሀብታም አገሮች ያለ ልክ የተሰጠ ኦክስጅን በሺህ የሚቆጠሩ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ዓይን አሳውሯል። ቀጥሎ ያለ ልክ ሲቀነስ ሞት ጨመረ። ዛሬ ኦክስጅን ለሚወስድ ሕፃን የተለመደው ግብ ከ90 እስከ 95 በመቶ ሙሌት ነው። ስለዚህ በመለኪያው ላይ 100 የሚል ቁጥር ማየት ለጎልማሳ የምሥራች ቢሆንም ኦክስጅን ላይ ላለ ጨቅላ መቀነስን የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት የሚቻለው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ገደማ ነው። እስከዚያ ወተቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ጨጓራ ይገባል። 1200 ግራም ለሚመዝን ሕፃን በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ቢታዘዝ በቀን 72 ሚሊ ሊትር፣ በየሁለት ሰዓቱ 6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ወተቱ በስበት እንዲወርድ ይተዋል እንጂ በሲሪንጅ አይገፋም። የእናት ወተት ከዱቄት ወተት የሚመረጠው በምግብነቱ ብቻ ሳይሆን አንጀትን ከሚያበሰብሰው ገዳይ በሽታ ስለሚከላከልም ነው። እንገርን አፍስሶ የመጣል ልማድ ባለበት አካባቢ ነርሷ ያችን ጥቂት ቢጫ ጠብታ መድኃኒት መሆኗን ለእናቲቱና ለአያቲቱ ማስረዳት ይጠበቅባታል። ሕፃኑ ስላልጠባ ወተቱ እንዳይደርቅም እናቲቱ ሌሊትን ጨምሮ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል በእጅዋ ማለብ አለባት።

ኢንፌክሽን በጨቅላ ሕፃን ላይ ራሱን በትኩሳት ላይገልጥ ይችላል፤ ሙቀቱ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ወተት ጨጓራው ውስጥ ይቀራል፣ ቆዳው ይዥጎረጎራል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ልምድ ያላት ነርስ «ይህ ልጅ ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደለም» ስትል ብዙ ጊዜ ከላቦራቶሪ ትቀድማለች። ይህ አነጋገር በመዝገብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። በመድኃኒት አሰጣጥ ረገድም አደጋው የነጥብ አቀማመጥ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም የያዘ ጄንታማይሲን አንድ ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 4 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ የሚወሰደው 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። በተለመደው ሲሪንጅ ይህ አንዲት መስመር ናት፤ ሙሉ 1 ሚሊ ሊትር ከተቀዳ ደግሞ አሥር እጥፍ ይሆናል። 1 ሚሊ ሊትሩን በ3 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ቀላቅሎ 0.4 መቅዳት፣ ሌላ ነርስም እንድታረጋግጥ ማድረግ ስሕተቱን ያጠባል።

ስለ ሕመም ጥቂት እንበል። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ጨቅላ ሕፃናት ሕመም አይሰማቸውም በሚል እምነት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። አናንድና ሂኪ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን እምነት አናግቷል። ከተረከዝ ደም ሲወሰድ በእናት ደረት ላይ መሆን ወይም የጡት ወተት መቅመስ ሕመሙን እንደሚያቀል ታውቋል። መብራት መቀነስ፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግና ሥራዎችን አጠቃሎ በአንድ ጊዜ ሠርቶ ሕፃኑን ማስተኛትም ወጪ የላቸውም።

እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር የሰው እጅ ነው። የብሪታኒያ የፐሪናታል ሕክምና ማኅበር መመዘኛ በጽኑ ሕክምና ለአንድ ሕፃን አንድ ነርስ፣ በከፍተኛ ክትትል ለሁለት አንድ፣ በልዩ እንክብካቤ ለአራት አንድ ይላል። ጸሐፊው ባገለገለበት ክፍል ሌሊት ላይ አንዲት ነርስ አሥራ ሁለት ሕፃናትን የያዘችበት ጊዜ ነበር፤ የሌሊቱን መዝገብ ስንመረምር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት ያሉት የሙቀት ቁጥሮች በሁሉም ሕፃናት ላይ አንድ ዓይነት፣ 36.5፣ ሆነው አገኘናቸው። መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ተግሣጽ ነበር። ከዚያ ግን ሒሳቡን ሠራነው። ለአንድ ሕፃን ሙቀት ለመለካት፣ ቱቦውን አረጋግጦ ወተት ለማውረድ፣ ሲፓፕና ኦክስጅን ለማየት፣ ጨርቅ ለመለወጥና ለመጻፍ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያስፈልጋል። ለአሥራ ሁለቱ 180 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ይሆናል። የአንዱ ዙር ሥራ ሲያልቅ የቀጣዩ ዙር ሰዓት ደርሷል፤ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሕፃን የተረፈ ደቂቃ የለም። የሙቀት መዝገብን እንደ መረጃ ምንጭ ለመጠቀም ያሰበ ተመራማሪ ከቁጥሮቹ አማካይ በፊት በዚያ ሌሊት ስንት ነርሶች ስንት ሕፃናትን ይዘው እንደነበር ቢጠይቅ መረጃው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።