የጫጩት ጾታን ማወቅ ለማን ይጠቅማል?

ከ21 ቀን በኋላ ከእንቁላል የሚወጡ ጫጩቶች በአማካይ ግማሾቹ ወንድ፣ ግማሾቹ ሴት ናቸው። የኦፋ ወረዳ ከተማ በሆነችው በገሱባ ዶሮ ሊያረባ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንቱ ሴት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጠየቅ ያለበት መልሱን ካወቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግበት ነው እላለሁ። ሾል ያለ እንቁላል ወንድ ያወጣል የሚለው በብዙ አገር የሚሰማ እምነት አይረዳውም፤ ጾታው የሚወሰነው ቅርፊቱ ገና ሳይሠራ ነውና። በዶሮ ጾታ የሚወሰነው በእናት በኩል ነው፤ ከእናቱ ዜድ ክሮሞዞም የደረሰው ወንድ፣ ደብልዩ የደረሰው ሴት ይሆናል።

ጾታን ለመለየት ጃፓናውያን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበሩት ዘዴ የአንድ ቀን ጫጩትን ፊንጢጣ ገልጦ እጅግ ትንሽ እብጠት መፈለግ ነው። ይህ ረጅም ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ያልሠለጠነ እጅ ሲጫን ጫጩቷን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል። ጥቂት ዶሮ በጓሮ ለሚያረባ ቤተሰብ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ስምንት ሳምንት ያህል ቢታገሥ የወንዱ አናት ላይ ያለው ሥጋ ቀልቶ ይጎላል፣ እግሩም ይወፍራል። «እስከዚያ የወንዱ መኖ ኪሳራ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። መኖው ሁሉ በብር የሚገዛ ከሆነ እውነት ነው። በጓሮ እየጫረ የሚያድገው ግን ብዙ ወጪ የለበትም፤ ገና፣ ፋሲካና አዲስ ዓመት ሲቃረቡ ደግሞ ተፈላጊው አውራው ነው። ጾታው ያልተለየ ዶሮ የሚገዛ ሰውም የ45 ቀን ዶሮ ቢመርጥ ልዩነቱን በዓይኑ ማየት ይጀምራል።

እንቁላል ለገበያ ለሚያቀርብ አርቢ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወንዱ እንቁላል አይጥልም፣ የእንቁላል ዝርያ ወንድም ለሥጋ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ጾታውን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ግድ ይለዋል። እንደ ቦቫንስ ብራውን ባሉ ዝርያዎች ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ሆኖ ስለሚፈለፈል ማንም ሳይነካቸው ይለያሉ። የተለዩት ወንዶች በብዙ አገር ወዲያው ይገደላሉ፤ ጀርመን ይህን ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ ከልክላለች፣ መከልከሏም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የቀለሙ ምልክት ግን ከመጀመሪያው ድቅል አያልፍም። ከእነዚሁ ዶሮዎች እንቁላል ጫጩት ያስፈለፈለ አርቢ በቀለም ጾታ እለያለሁ ቢል ይሳሳታል።