ዶርሙ ሲዘጋ

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ሲወሰን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ከግቢ እንዳይወጡ ተነገራቸው። ስጋቱ የሚገባ ነው። ከጎንደር ጅማ፣ ከሐዋሳ ባሕር ዳር የተመደበ ወጣት በአውቶቡስ ታጭቆ አገር ካቋረጠ ቫይረሱን ለእናት አባቱ ይዞ ሊገባ ይችላል። ችግሩ፣ ተደራራቢ አልጋ በሞላበት ዶርምና ሰልፉ በማያልቅበት ካፌ «ርቀታችሁን ጠብቁ» ማለት አያዛልቅም። ወሩ ሳያልቅ ተማሪው ሻንጣውን ሸክፎ ወደየቤቱ ተሸኘ። ቶሎ የሚመለስ መስሎት ሀንድአውቱን ትቶ የሄደም አልጠፋም።

አልጋዎቹ ባዶ አልቀሩም። ከሳዑዲ ዓረቢያና ከሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች የተመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ የተማሪዎቹ እኩያ የሆኑ ወጣቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ውስጥ ገብተው በለይቶ ማቆያ ሰነበቱ። የኬሚስትሪ መምህራንም ላብራቶሪያቸውን ሳኒታይዘር ማምረቻ አደረጉት።

ትምህርቱስ? የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ይቀጥሉ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እስኪጠሩ ይጠብቁ ተባለ። ውሳኔው ብዙ ተወቅሷል፤ ፍትሐዊነቱ ግን አይካድም። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ግቢ ማለት መማሪያ ክፍል ብቻ አይደለም። አልጋው፣ ቁርስ ምሳ እራቱ፣ እስከ ሌሊት የሚበራው የላይብረሪ መብራት፣ በነፃ የሚያገኘው ዋይፋይም እዚያው ናቸው። ያን ሁሉ ወጪ መንግሥት በወጪ መጋራት ውል ይሸፍነው ነበር። ገጠር ቤተሰቡ ዘንድ የተመለሰው ተማሪ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ መውጣት፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ከተማ መውረድ፣ ከእርሻው ተርፎ ማንበብ ነበረበት። ሴቷን ደግሞ ጓዳው ይጠብቃታል። እነዚህን ልጆች ከቦሌ ልጅ ጋር በአንድ የኦንላይን ፈተና ማወዳደር ግፍ ይሆን ነበር።

በኢንተርኔት የቀጠሉትም ቢሆኑ አልቀናቸውም። በሰኔ መጨረሻ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ መንግሥት ኢንተርኔቱን ለሳምንታት ዘጋው። የጥናት ጽሑፉን ለአማካሪው በኢሜይል ሊልክ የተዘጋጀው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ግቢዎቹ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ቅድሚያ የተሰጠው ለጂሲዎች፣ ማለትም ለተመራቂዎቹ ነበር። የቀራቸውን ኮርስ በተጣበበ ጊዜ እያሯሯጡ አስጨረሷቸው። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 24፣ በትግራይ ጦርነት ተነሣና በሰሜኑ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከወረርሽኙ የከፋ መዓት ገጠማቸው። በ2012 የገቡት ፍሬሽማኖችም አሳዛኝ ዕድል ነበራቸው። የፍሬሽማን ዓመት እንደገና የተጀመረው በእነሱ ነው፤ ዓመቱን ሳይጨርሱት ግን ተበተኑ።

ከኋላ ደግሞ ወረፋ ተጠራቅሟል። የ2012ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ሊሰጥ ታስቦ ነበር፤ ታብሌቱ አልደርስ ሲል ፈተናው በወረቀት ሆነና የካቲት 29 ቀን 2013 ተጀመረ። የሚቀጥለው ዓመት ተፈታኞችም ተራቸውን እስከ ጥቅምት መጨረሻ 2014 ጠበቁ። መስከረም ላይ ይከፈት የነበረው የዩኒቨርሲቲ ዓመት እንዲህ ተዛነፈ። ለአራት ዓመት ዲግሪ ተመድቦ አምስተኛ ዓመቱን ግቢ ውስጥ ያከበረውም ተማሪ ብዙ ነው።