ስድስት ጊዜ ለፍርድ የቀረበው ሰው

ጁላይ 16 ቀን 1996 ጠዋት ሚሲሲፒ ውስጥ ዊኖና በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ፣ የአንድ የቤት ዕቃ መደብር ባለቤትና ሦስት ሠራተኞቿ በጥይት ተመቱ። አራቱም ሞቱ። ከወራት በኋላ የታሰረው እዚያው መደብር ለጥቂት ቀናት ሠርቶ የነበረው ጥቁሩ ወጣት ከርቲስ ፍላወርስ ነው። የተገደሉበት መሣሪያ አልተገኘም፤ ሲተኮስ በዓይኔ አየሁ የሚል ሰውም አልነበረም። ዐቃቤ ሕጉ ዳግ ኢቫንስ ግን ሰውየውን በዚያው ወንጀል ስድስት ጊዜ ለፍርድ አቀረበው። አራት ጊዜ ሞት ተፈረደበት። ከአራቱ ሦስቱ በይግባኝ ተሻሩ፤ በቀሩት ሁለት ችሎቶች ደግሞ ጁሪው መስማማት አቅቶት ተበተነ።

ጋዜጠኛ ማድሊን ባራንና ባልደረቦቿ «ኢን ዘ ዳርክ» ለተሰኘው ፖድካስታቸው ሚሲሲፒ ገብተው አንድ ዓመት ያህል የተቀመጡት ይህን ሰምተው ነው። ሥራቸውን የጀመሩት በእግር ነበር። ፍላወርስ ያን ዕለት ሄዶበታል የተባለውን መንገድ ተከትለው፣ በየደጃፉ አየነው ብለው የመሰከሩትን ሰዎች አነጋገሩ። ብዙዎቹን ፖሊስ የጠየቃቸው ግድያው ከተፈጸመ ሳምንታትና ወራት ካለፉ በኋላ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ አንድ መንገደኛ ያለፈበትን ቀንና ሰዓት ለይቶ ማስታወስ ከባድ ነው።

ክሱ የተደገፈበት ዋነኛ ምስክር ግን «እስር ቤት ሳለን ገዳዩ እኔ ነኝ ብሎ ነግሮኛል» እያለ በተደጋጋሚ ቃሉን የሰጠ እስረኛ ነበር። ይህ ሰው በ2016 ራሱ ሦስት ሰዎችን ገድሎ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ባራን ወህኒ ቤት በድብቅ በገባ ሞባይል አገኘችው። ደጋግመው ተነጋገሩ፤ በመጨረሻም ምስክርነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ውሸት እንደነበር በገዛ አንደበቱ ተናገረ። ድምፁ ተቀድቶ ለአድማጭ ቀረበ።

ትልቁ ግኝት ግን የተቀመጠው በመዝገብ ቤት ነበር። አሜሪካ ውስጥ በእንዲህ ያለ ክስ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ጁሪ የሚባሉት 12 ተራ ዜጎች ናቸው። ከመመረጣቸው በፊት ዐቃቤ ሕጉም ጠበቃውም የተወሰኑ ሰዎችን ምክንያት ሳይሰጡ ማሰናበት ይችላሉ፤ በዘር ምክንያት ማሰናበት ግን ከ1986 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ክልክል ነው። ጋዜጠኞቹ ኢቫንስ በሚሠራባቸው ሰባት አውራጃዎች ፍርድ ቤቶች እየዞሩ የ26 ዓመት መዛግብትን ገጽ በገጽ ስካን አደረጉ፤ የተጠራውን ሰው ዘር፣ ማን እንዳሰናበተውና ማን እንደተቀመጠ መዘገቡ። የ225 ችሎቶች፣ ከ6,700 በላይ ሰዎች መረጃ ተሰበሰበ። ሲደመር ዐቃቤ ሕጎቹ ጥቁሮችን የሚያሰናብቱበት መጠን ነጮችን ከሚያሰናብቱበት አራት ተኩል እጥፍ ገደማ እንደነበር ታየ። በእያንዳንዱ ችሎት ለየብቻው ሰበብ የሚገኝለት ነገር፣ አንድ ላይ ሲቆጠር ሰበብ አልተገኘለትም።

ፖድካስቱ በ2018 ተላለፈ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፍላወርስን ይግባኝ ለማየት ተስማማ። ጁን 21 ቀን 2019 ሰባት ዳኞች በሁለት ተቃውሞ የመጨረሻውን ፍርድ ሻሩ። ውሳኔያቸው የተመሠረተው በራሱ በክሱ መዝገብ ላይ ነው፦ በስድስቱ ችሎቶች ዐቃቤ ሕጉ ማሰናበት ይችላቸው ከነበሩ 42 ጥቁሮች 41ዱን ለማሰናበት ሞክሯል። በስድስተኛው ችሎት ለተሰናበቱት አምስት ጥቁሮች 145 ጥያቄ ሲያቀርብ፣ ለተመረጡት 11 ነጮች ያቀረበው 12 ብቻ ነበር። አምስቱን የጠየቃቸው ሊያውቃቸው ሳይሆን ማሰናበቻ ሰበብ ሊያገኝባቸው እንደሆነ ቁጥሩ ይጠቁማል።

ፍላወርስ ዲሴምበር 2019 በዋስ ወጣ። ከታሰረ 23 ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር፤ እናቱም እሱ እስር ቤት እያለ አርፋለች። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2020 የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ክሱ እንዲዘጋ ጠየቁ። በሕይወት ያለና ቃሉን ያልቀያየረ ዋና ምስክር የለም አሉ። ግዛቲቱ በተከታዩ ዓመት 500,000 ዶላር ካሳ ፈቀደችለት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። የዊኖናው እውነት ግን እያደረ ብቻ አልጠራም፤ አቧራ የለበሰ መዝገብ አውጥተው የቆጠሩ ሰዎች ናቸው ያጠሩት። የሟቾቹ ቤተሰቦችም ዛሬ ድረስ በሌላ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ አላዩም። ሰንካላ ፍርድ የሚበድለው የታሰረውን ብቻ አይደለም፤ የሞቱትንም ፍትሕ ያሳጣል። ስለዚህ የግድያ ታሪክ የምታዳምጡ ሁሉ፣ «ማን ገደለ?» በሚለው ላይ አትቁሙ። ማን መሰከረ፣ ለመመስከሩስ ምን አገኘ፣ ከፍርድ ወንበሩ እንዲነሳ የተደረገው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ።