የኮቪድ-19 ክትባት በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የክትባት መርሐ ግብሩ በጤና ባለሙያዎች ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተከትበዋል፤ ሌሎች ደግሞ እያመነቱ ቆይተዋል። «የተከተበ ሰውም ሲያዝ አይተናል፤ ታዲያ ክትባቱ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ክትባቱ በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ መረዳት ያስፈልጋል።

ሰውነት ቫይረሱን እንዴት ይከላከላል?

የኮሮና ቫይረስ በዙሪያው እንደ እሾህ የቆሙ፣ ስፓይክ ፕሮቲን የሚባሉ አካላት አሉት። ወደ ሴሎቻችን የሚገባው በእነዚህ ተጣብቆ ነው። ሰውነታችን ይህን ባዕድ አካል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኘው አያውቀውም። ለይቶ እስኪያውቀውና በቂ መከላከያ እስኪያዘጋጅ ድረስ ቀናት ይወስድበታል። ቫይረሱ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ያለ ከልካይ ይባዛል። አብዛኛው ሰው ይህን ጊዜ በቀላል ሕመም ያልፈዋል። በዕድሜ የገፉና ተጓዳኝ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ግን ሳንባቸው ተጎድቶ ኦክስጅን እስከ መፈለግ፣ አልፎም ለሞት እስከ መዳረግ ሊደርሱ ይችላሉ።

ክትባት ይህን የዝግጅት ጊዜ አስቀድሞ ይሰጠናል። በሽታውን ሳያስይዝ የቫይረሱን መለያ ለሰውነት ያሳያል። በዚህም ሰውነት ሁለት ዓይነት መከላከያ ያደራጃል። አንደኛው በቫይረሱ ላይ ተጣብቀው ወደ ሴል እንዳይገባ የሚያግዱት ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። ሁለተኛው በቫይረሱ የተያዙ ሴሎችን እየለዩ የሚያስወግዱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ከእነዚህም ከፊሎቹ መለያውን እያስታወሱ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ።

የክትባቶቹ ዓይነት

በአገራችን የተሰጡት ክትባቶች ግባቸው አንድ ቢሆንም አሠራራቸው ይለያያል።

• ሲኖፋርም፦ እንዳይባዛ ተደርጎ የተገደለ ሙሉ ቫይረስ ይዟል።
• አስትራዜኒካ እና ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን፦ መባዛት የማይችል ሌላ ቫይረስን እንደ ማጓጓዣ በመጠቀም የስፓይክ ፕሮቲንን መሥሪያ መመሪያ ወደ ሴሎች ያደርሳሉ።
• ፋይዘር፦ ይህንኑ መመሪያ ኤም አር ኤን ኤ በሚባል ሞለኪውል፣ በጥቃቅን የስብ ቅንጣቶች ሸፍኖ ያደርሳል።

ከእነዚህ አንዱም በሽታ ሊያስይዝ የሚችል ሕያው የኮሮና ቫይረስ የለበትም። ኤም አር ኤን ኤው ዘረመላችን ወደሚገኝበት የሴሉ አስኳል አይገባም፤ ሥራውን ሲጨርስም በአጭር ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል። ስለዚህ ዘረመልን አይለውጥም። ክትባቱ መካንነትን ያስከትላል የሚለው ወሬም መሠረት የለውም።

የተከተበ ሰው ለምን ይያዛል?

መከላከያው በመርፌው ዕለት አይገነባም፤ ሳምንታት ይፈጃል። ሁለት ጊዜ በሚሰጡ ክትባቶች የመጀመሪያው መለያውን ያስተዋውቃል፣ ሁለተኛው ትውስታውን ያጸናል። የመጀመሪያውን ብቻ ወስዶ መቅረት ሥራውን ከግማሽ ላይ እንደ ማቋረጥ ይቆጠራል።

ከወራት በኋላ ደግሞ በደም ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት እየቀነሱ ይሄዳሉ። እንደ ኦሚክሮን ያሉ ልውጥ ዝርያዎችም የስፓይክ ፕሮቲናቸው ስለተለወጠ ከፀረ እንግዳ አካላቱ በከፊል ያመልጣሉ። በዚህ ምክንያት የተከተበ ሰው ሊያዝና ሊያስተላልፍ ይችላል። ነገር ግን የሚያስታውሱት ሴሎች ፈጥነው ስለሚነቁ ሕመሙ ወደ ጽኑ ደረጃ የመድረስ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። የክትባቱ ዋና ጥቅም ከጽኑ ሕመምና ከሞት መጠበቁ ነው። ማጠናከሪያ ክትባት የሚሰጠውም የቀነሰውን መከላከያ ለማደስ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱስ?

የተወጋው ቦታ ሕመም፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት የተለመዱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። እነዚህ ምልክቶች አልታዩም ማለት ክትባቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

እጅግ አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ሊከሰት ስለሚችል ከተከተቡ በኋላ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በክትባት ቦታው መቆየት ያስፈልጋል። በአስትራዜኒካና በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የደም መርጋት፣ በፋይዘር ደግሞ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት በጣም ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ ታይቷል። ከክትባት በኋላ ባሉት ሳምንታት የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ጽኑ የሆድ ሕመም ከተሰማዎት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ መከተብዎንም ለባለሙያው ይንገሩ።

ቅድሚያ ለማን?

በዕድሜ የገፉ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያዎች ሊዘገዩ አይገባም። እርግዝና ሕመሙን ሊያጸና ስለሚችል ነፍሰ ጡር እናቶች ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክረው ይከተቡ። ቀደም ሲል በኮቪድ-19 የተያዘ ሰውም ከበሽታው ካገገመ በኋላ ቢከተብ መከላከያው ይጠናከራል።

ከቤት ብዙም የማይወጡ አረጋውያን ቫይረሱ የሚደርሳቸው በአብዛኛው ከልጆቻቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸውና ከሚጠይቋቸው ሰዎች ነው። ስለሆነም እርስዎ ሲከተቡ እነርሱንም ይዘው ይሂዱ፤ በተጨናነቀ ቦታ ማስክ ማድረግን፣ እጅ መታጠብንና መስኮት መክፈትንም አይተዉ። ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠይቁ፤ ወይም በነፃ የስልክ መስመር 952 ወይም 8335 ይደውሉ።